ቀን የሚቃም፣ ሌሊት የሚዋጥ

እኩለ ቀን ሲቃረብ የጅግጅጋ ዓይን ወደ ካራማራ ነው። ከአወዳይ ገበያና ከሐረርጌ ደጋ የመጣውን ጫት የጫኑ መኪኖች፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የሐረር መንገድ ጨርሰው፣ በተራራው በር አድርገው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። ከጭነቱ ከፊሉ ከተማው ላይ ይራገፋል፤ የቀረው ሳይውል ሳያድር ወደ ቶጎ ውጫሌ፣ ከዚያም ድንበር ተሻግሮ ወደ ሐርጌሳ ይነጉዳል። የመንገድ ዳር መደቦች ላይ የተቀመጡ ሴቶች እሽጉን ፈትተው፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሰው፣ ዋጋ መጥራት ይጀምራሉ። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ይቀዘቅዛል፣ ቢሮው ይሳሳል፣ ምንጣፉና ትራሱ ይዘጋጃል። የዚህ ሁሉ ጥድፊያ ምክንያት ኬሚስትሪ ነው። ጫትን ጫት የሚያሰኘው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ሹፌሩ ከጊዜ ጋር የሚሽቀዳደመው ለዚህ ነው። የከተማዋ የእንቅልፍ ታሪክም የሚጀምረው እዚሁ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው።

ሌላው ግማሹ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይገኛል። የኢሻ ሶላት ካለፈ ቆይቷል፣ ሻዩ አልቋል፣ ሰዉ በየቤቱ ገብቷል። በርጫ፣ ማለትም ጫት መቃሚያው ጉባኤ ላይ የዋለው ሰው ግን ጋደም ብሎ ጣሪያ ይቆጥራል፤ አካሉ ደክሟል፣ ልቡ አልተኛም። በመሀል አገር የጫቱን ንቃት፣ ምርቃናን ለመስበር የሚደረገው ነገር ስሙ ይታወቃል፤ ጨብሲ ይባላል፣ መሣሪያውም ቢራ ወይም አረቄ ነው። ሃይማኖትና ባህል መጠጥን በሚያርቁባቸው የሶማሌ ክልል ከተሞች ግን ያ መንገድ ጠባብ ነው። በጫት ላይ የተጻፉ የሕክምና ጽሑፎች ከአልኮል ጎን ለጎን ደጋግመው የሚያነሱት ሁለተኛ መስበሪያ ማረጋጊያ ኪኒን ነው። ዲያዜፓም፣ በገበያ ስሙ ቫሊየም፣ የዚህ ቤተሰብ ታዋቂ አባል ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚህ ይነሳል፦ እንዲህ ባለው ሌሊት የሚዋጠው ኪኒን የእንቅልፍ ማጣት መድኃኒት አይደለም፤ የቀኑ ጫት ማርከሻ ተብሎ የተጨመረ ሌላ ዕፅ ነው። ስለዚህ በጅግጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች እንቅልፍ ላጣ ሰው መፍትሔው መፈለግ ያለበት በመጀመሪያ ከቀኑ ሰዓት ላይ ነው፤ የማታው ኪኒን ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ስሌቱን ማየት ይጠቅማል። በፈቃደኞች ላይ የተደረጉ የደም ልኬቶች እንደሚያሳዩት፣ ካቲኖን ከተቃመ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ በደም ውስጥ ጣራው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በየሰዓት ተኩሉ በግማሽ ይቀንሳል። ካቲን ግን ይዘገያል፤ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የቃመ ሰው እንግዲህ፣ በደሙ የቀረው ካቲን ገና ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ግማሽ፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ሩብ ነው። ይኸው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቢያቆም ኖሮ ሩቡ ላይ የሚደርሰው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ይሆን ነበር። የሦስት ሰዓት ልዩነት በርጫ ላይ ሲቀመጡት ትንሽ ይመስላል፤ አልጋ ላይ ግን የሌሊቱ አንኳር ነው። ሁለቱም ንጥረ ነገሮች ከአምፌታሚን ጋር ዝምድና ያላቸው ናቸው፤ አእምሮን የሚያነቁትን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን ከማከማቻቸው ያስወጣሉ። የተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1986 ካቲኖንን በጥብቅ ቁጥጥር በሚገኙት፣ ካቲንን ደግሞ ላላ ባለው መዝገብ ውስጥ ያስገባቸው ለዚህ ነው፤ ቅጠሉ ራሱ ግን ከዚያ መዝገብ ውጭ ነው። ልቡ የሚመታ፣ ሐሳቡ የሚሮጥ ሰው ታዲያ በሽታ ይዞት ሳይሆን የቃመው ሥራውን እየሠራ ስለሆነ ነው ያልተኛው።

ኪኒኑ ደግሞ ሌላ ሰዓት ቆጣሪ ይዞ ይመጣል። ዲያዜፓም የሚሠራው ጋባ የተባለውን የአእምሮ ፍሬን በማጠንከር ነው። ካቲኖንን ከደም አያወጣም፣ አያመክነውምም፤ ነዳጁ እንደተረገጠ ፍሬኑን አብሮ መርገጥ ነው። ከዚህ የባሰው ግን ርዝመቱ ነው። ዲያዜፓም በግማሽ ለመቀነስ ከሃያ እስከ ሃምሳ ሰዓት ይወስዳል፤ በጉበት ውስጥ ሲፈርስ የሚወልደው ተረፈ ውጤትም ራሱ ያደነዝዛል፣ ከእናቱም በላይ ሊቆይ ይችላል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የተዋጠው ፍሬ፣ በማግስቱ እኩለ ቀን አዲሱ ጫት በካራማራ ሲወርድ ገና ከግማሽ በላይ ሰውነት ውስጥ ነው። ጠዋት ራስ ይከብዳል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ እጅ ይዝላል። በምሥራቅ ሐረርጌ ጠዋት የሚቃመው ጫት በአፋን ኦሮሞ ኢጃባና፣ ማለትም ዓይን መግለጫ ይባላል፤ ስሙ የተሰጠው የጠዋቱን ድብርት ስለሚገፍ ነው። ያ ድብርት የኪኒን ትራፊ ሲጨመርበት ዓይን መግለጫው ይበዛል፣ የከሰዓቱ በርጫ ይረዝማል፣ ማታ ኪኒኑ አንድ ፍሬ የነበረው ሁለት ይሆናል። ክቡ የሚዘጋው እንዲህ ነው። ጫቱን ለብቻው፣ ኪኒኑን ለብቻው የሚመዝን ሰው ይህን ክብ አያየውም።

ዱካክን የሚያውቅ አንባቢ ሌላም ነገር ይገነዘባል። ጫት በድንገት ያቋረጠ ቃሚ ሌሊት ደረቱን የሚጫነው፣ የሚያንቀው፣ መጮህ እየፈለገ ድምፅ የሚያሳጣው ቅዠት ዱካክ ይባላል፤ በኢትዮጵያ ስለ ጫት በተጻፉ የሕክምና ጽሑፎችም በዚሁ ስሙ ይጠቀሳል። አሳማኝ የሚመስለው ማብራሪያ እንዲህ ይላል፦ አነቃቂ ዕፅ ሕልም የሚታይበትን የእንቅልፍ ክፍል ለቀናትና ለሳምንታት ያፍናል፤ ማፈኛው ሲነሳ የታፈነው ክፍል በጉልበት ተመልሶ ይመጣል፣ ከእንቅልፍ ወለል ወጥቶም የነቃውን ሰው ይጫናል። ይህን ዱካክ በኪኒን ለማባረር መሞከር የሚያጓጓ ነው፤ ለጥቂት ሌሊትም ይሠራል። ነገር ግን የዲያዜፓም ወገን የሆኑ መድኃኒቶችም ጥልቁን እንቅልፍ ይቀንሳሉ፣ የሕልሙንም ክፍል ያሳጥራሉ። በሳምንታት ውስጥ ሰውነት ይለምዳቸዋል፤ ሲቆሙም እንቅልፍ ማጣቱ ከቀድሞው በርትቶ ይመለሳል። አንዱን ዕዳ በሌላ ብድር መክፈል እንደማለት ነው፤ ወለዱ ግን ከሁለቱም ወገን ይታሰባል።

ክርክሩ ጫት ለማይነካ ሰውም ይሠራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ማስረጃው እዚህ ላይ ለኪኒኑ የሚያኮራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ስድሳና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረጉ 24 ሙከራዎችን ሰብስቦ መዝኗል። ኪኒኑ በሌሊት የጨመረው እንቅልፍ 25 ደቂቃ ገደማ ነበር። አንድ ሰው እንቅልፉ እንዲሻሻል 13 ሰው መዋጥ ነበረበት፤ ከስድስት ዋጮች አንዱ ደግሞ የጎንዮሽ ጉዳት ያገኘው ነበር። በሽማግሌ ዕድሜ ያ ጉዳት መፍዘዝ፣ መርሳትና ሌሊት ለውዱእ ወይም ለሽንት ሲነሱ መውደቅ ነው፤ የወደቀ አዛውንት ዳሌ ሲሰበር ደግሞ የ25 ደቂቃው ሒሳብ ይገለበጣል። በአንጻሩ ያለ መድኃኒት፣ ልማድንና ሐሳብን በማረም የሚሰጠው ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2015 በተሰበሰቡ ሙከራዎች ሲመዘን እንቅልፍ እስኪወስድ የሚፈጀውን ጊዜ በ19 ደቂቃ፣ በመሀል ነቅቶ መቆየትን በ26 ደቂቃ ቀንሷል። ቁጥሩ ከኪኒኑ ብዙ አይርቅም፤ ልዩነቱ ይህኛው ከተማሩት በኋላ አብሮ የሚቆይ፣ የማይለመድና የማይጥል መሆኑ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ለማንኛውም አዋቂ ከኪኒን በፊት ይህ ሕክምና ይቅደም ያለው በዚህ ሚዛን ነው።

የመድኃኒቱ ታሪክም ጥንቃቄን ያስተምራል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ብሮማይድና ክሎራል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1903 ቬሮናል በሚል ስም ባርቢታል መጣ፤ በ1912 ፌኖባርቢታል ተከተለው። ዛሬ በሀገራችን ጤና ተቋማት የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሆኖ የሚታወቀው ፌኖባርቢታል በዘመኑ ማስተኛ ነበር። የባርቢታሎች መጠን ትንሽ ሲያልፍ ትንፋሽ እንደሚያቆም ሲታወቅ አማራጭ ተፈለገ፤ በ1957 ታሊዶማይድ ማንንም የማይጎዳ ማስተኛ ተብሎ በምዕራብ ጀርመን ተሸጠ፣ በ1961 ከገበያ እስኪወጣ ከአሥር ሺህ በላይ ሕፃናት አካላቸው ሳይሟላ ተወለዱ። በ1960 የዲያዜፓም ታላቅ ወንድም ሊብሪየም፣ በ1963 ራሱ ቫሊየም ወጣ፤ ሱስ የለባቸውም ተብለው ተወደሱ፣ በ1984 ግን ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ውስጥ ገቡ። ከዚያም ዞልፒደም ተተካ፤ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በ1992 ፈቀደው፣ በ2013 የሴቶችን መጠን በግማሽ አስቀነሰ፣ በ2019 ደግሞ ተኝተው እየሄዱና መኪና እየነዱ የተጎዱ ሰዎችን አይቶ ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ ለጠፈበት። እያንዳንዱ ትውልድ የአባቱን ኪኒን አደገኛ፣ የራሱን ንጹሕ ይለዋል። የሚቀጥለው አዲስ ስም በፋርማሲው መስኮት ሲታይ ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። እንቅልፍ ያጣ ሁሉ ጫት ቃሚ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ጫት ቅሜ አውቃለሁ ያሉት ከወንዶች 27፣ ከሴቶች 12 በመቶ ናቸው፤ የምሥራቁ ክፍል ከአማካዩ ቢበልጥም ያልቃመ ብዙ ነው። ደግሞም ይህ አካባቢ ሌሊትን የሚያስረዝም ሌላ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ ሐርትሼክ ላይ ሰፈረ፤ ሐርትሼክ በዘመኑ በዓለም ትልቁ የስደተኞች ካምፕ እስከ መባል ደርሶ በ2004 ተዘጋ። ቀብሪ በያህ በ1991፣ አውበሬ በ2007፣ ሼደር በ2008 ተከፈቱ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 በተነሳው ግጭት ጅግጅጋ ራሷ ደም አይታለች። ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት አርብቶ አደርም፣ ልጇ በሕገ ወጥ ጉዞ ባሕር ላይ የቀረባት እናትም የሌሊት ባለቤቶች ናቸው። ለእነዚህ ሰዎች ሰዓት አስተካክሉ ማለት ፌዝ አይሆንምን?

አይሆንም፤ ይልቁንም ክርክሩን የሚያጠነክረው ይህ ነው። እንቅልፍ ማጣት አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ነገር ድምፅ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነቅቶ መልሶ የማይተኛ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ነገ የማይታየው ሰው የተያዘው በድብርት ሊሆን ይችላል፤ ዲያዜፓም ድብርቱን አያነሳም፣ ይሸፍነዋል። አስፈሪው ቀን በሕልም እየተመላለሰ የሚያባንነው ሰውም ሕመሙ ሌላ ስም አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር እንቅልፍ ላጡ አዋቂዎች የዲያዜፓምን ወገን መድኃኒት መስጠት አይገባም ብሏል፤ ሐዘን ላይ ላሉትም እንዲሁ። በካምፕ ክሊኒክ ሰልፉ ሲረዝም፣ ኪኒን መቁጠር ከመጠየቅ ይፈጥናል። ያ ፍጥነት ግን ጥያቄውን ያስረሳል፤ ያልተጠየቀው ሰው ደግሞ በወሩ ኪኒኑን ሲጨርስ ሕመሙን ከነመሠረቱ ይዞ፣ አዲስ ጥገኝነት ጨምሮ ይመለሳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአቅም ነው፦ የሥነ አእምሮ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት ክልል ያለ መድኃኒት መታከም የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፤ ኪኒኑ ግን ርካሽ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ሆኖም የሕክምናው አጥንት ቀላል ነው፦ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሳት፤ እንቅልፍ ሳይመጣ አልጋ ላይ አለመውጣት፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ካልመጣ ተነስቶ በደብዛዛ ብርሃን መቀመጥ፤ በአልጋ ላይ የሚጠፋውን ጊዜ ማሳጠር፤ ቀን የተኙትን ሰዓት ከሌሊቱ ላይ አለመጠየቅ። ይህን የሠለጠነ ነርስ በጥቂት ቀጠሮ ያስተምረዋል። ጅግጅጋ ደግሞ ብዙ ከተሞች በገንዘብ የማይገዙት ነገር አላት። የሕክምናው ምሰሶ የሆነው የማይለወጥ የመነሻ ሰዓት በሱብሒ አዛን በነፃ ይታወጃል። ከተማዋ ከምድር ወገብ ሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ስለሆነች የንጋቱ ሰዓት ከክረምት እስከ በጋ የሚዛባው ከአንድ ሰዓት በታች ነው፤ ሰሜን አውሮፓ የሚኖር ምእመን ይህን ዕድል አያገኝም። ከሶላት በኋላ ተመልሶ እስከ ረፋድ መተኛት ሲቀር፣ ቀይሉላ የሚባለው የቀትር አጭር ዕረፍትም ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ልማዱ ከውጭ የመጣ ትእዛዝ ሳይሆን የቤቱ ይሆናል። በቁርኣን የሚደረገው ሩቅያ ልብ ካረጋጋም ከዚህ ጋር አይጣላም፤ የሚጣላው ሕክምና የሚሻውን ሰው ከሐኪም ሲያዘገየው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የኑሮ ነው። ጫት ለኢትዮጵያ በዓመት እስከ 400 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያስገኘበት ጊዜ ያለ ንግድ ነው፤ መደብ ላይ የተቀመጠችው ሴት ልጆቿን የምታሳድግበት፣ ሽማግሌዎች ጠብ የሚያበርዱበት፣ ተማሪ የሚያጠናበት፣ ዘበኛ የሚያነጋበት ነው። ተወው ማለት ምክር ሳይሆን ጩኸት ነው። ትክክል፤ ለዚህ ነው ክርክሬ ጫቱን ስለመተው ሳይሆን ስለ ሰዓቱና ስለ መጠኑ የሆነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጨረስ ነጋዴዋን አያከስርም፤ ሽምግልናውንም አያፈርስም። ፈተናው በረመዳን ይከብዳል፤ ቀኑ ጾም ስለሆነ በርጫው ከኢፍጣር በኋላ ወደ ሌሊት ይሻገራል፣ ከሱሁር ጋርም ይገናኛል። ያን ወር ለመቀነሻ መጠቀም የሚችል ሰው ግን ከሌላው ጊዜ የተሻለ ዕድል አለው፤ ቀኑን ሙሉ ያለ ጫት መዋል እንደሚቻል በየዓመቱ ሠላሳ ቀን ያህል ይረጋገጣልና። ለሹፌር ግን ለስላሳ ቃል የለኝም። ከድሬዳዋ በሽንሌና በደወሌ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ወይም ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚነዳ ሰው፣ ነቅቶ ለመንዳት ቅሞ፣ ለመተኛት ኪኒን ውጦ፣ ጠዋት መሪ ከያዘ፣ የኪኒኑ ትራፊ መንገዱ ላይ ይገኛል። ነቅቻለሁ ብሎ ማመኑና እጁ የሚታዘዝበት ፍጥነት አንድ አይደሉም።

ይህን ሁሉ ለሕግ መተው ይቻላልን? ሕጉ አለ። በአእምሮ ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶች በልዩ ማዘዣ ብቻ እንዲወጡ ይጠበቃል፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011ም ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይሰጣል። ነገር ግን ቶጎ ውጫሌ የኮንትሮባንድ በር መሆኗ የአደባባይ ምሥጢር ነው፤ በልብስና በኤሌክትሮኒክስ መሀል መድኃኒትም ይሾልካል። በገበያ ላይ የተገዛ ማስተኛ ደግሞ ሐኪም የሌለው ብቻ ሳይሆን ማንነቱም ያልታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻና በ2015 በምሥራቅ ኮንጎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አንገታቸው እየተጣመመ፣ ምላሳቸው እየወጣ ክሊኒክ ገቡ፤ መጀመሪያ የማጅራት ገትር ተብሎ ነበር። ሲመረመር ዲያዜፓም ተብሎ የተሸጠላቸው ፍሬ ውስጡ ሃሎፔሪዶል፣ ለጽኑ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት ሆኖ ተገኘ። ፋርማሲውን ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ፍላጎቱን ሳይነኩ ማጥበቅ ግን ገዢውን ከፋርማሲስቱ መስኮት ወደ ድንበሩ ገበያ መግፋት ነው። ፍላጎቱ የሚቀንሰው ቀን ላይ ነው።

ይህ ማለት ኪኒኑ ጠላት ነው ማለት አይደለም። ዲያዜፓም የሚንቀጠቀጠውን ሕፃን ያድናል፤ አልኮል በድንገት ያቆመን ሰው ከሞት ይመልሳል፤ በሐኪም ዓይን ሥር ለጥቂት ቀን ለታወቀ ምክንያት ሲሰጥ ማስተኛም ተገቢ ቦታ አለው። ለወራት የዋጠ ሰው ይህን አንብቦ ዛሬ ማታ በድንገት ቢያቋርጥ ደግሞ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ መውረጃው እንደ ካራማራ ቁልቁለት በዝግታ፣ ከሐኪም ጋር ነው። ኪኒኑን ከትራማዶልና ከመሰል የሕመም ማስታገሻዎች ጋር መደባለቅም ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። በካራማራ ሆስፒታልም ሆነ በሼክ ሐሰን ያባሬ፣ በአውበሬ ጤና ጣቢያም ሆነ በመንገድ ዳር ፋርማሲ፣ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ለቀረበ ሰው ማዘዣው ከመጻፉ በፊት ደቂቃ የማይፈጁ ጥያቄዎች አሉ፦ ከስንት ጊዜ ጀምሮ፣ ምን ሆነው፣ ስንት ሰዓት ይነሳሉ። ለብዙዎቹ ግን መልሱን የሚከፍተው ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ላቦራቶሪ አይፈልግም፦ «ትናንት ጫቱን ስንት ሰዓት ላይ ጨረሱ?»